የቅዱስ ጴጥሮስ ቀን የተራገፈው አሣ

«ጁን ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ ሰባት ሣጥን ሜርሉሳ አሣ አራግፈዋል» አለኝ ተቆጣጣሪው፣ ዓይኑን ከያዘው ታብሌት ላይ ሳያነሣ።

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነው የሳቅሁት። ኦገስት ገብቷል፣ ሌሊቱን ባሕር ላይ አንግቼ መመለሴ ነው፣ ጨው ከንፈሬን ሰነጣጥቆታል። አሥራ ስምንት ሣጥን አሣ ከሚዛኑ አጠገብ ደርድሬ፣ እጄን በሹራቤ ጠርጌ፣ «ጨርሰሻል፣ ሂጂ» እስክባል ነው የምጠብቀው።

«ስማ እንጂ» አልኩት፣ «ጁን ሃያ ዘጠኝ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገና «ሰኞ» አለኝ።

«ሰኞ! ሰኞ ይበልህ! የቅዱስ ጴጥሮስ ቀን ነው! በዚያ ቀን እዚህ ባሕር ዳር መንጠቆ የሚነካ ፍጡር የለም። ሰካራሙም አይነካም፣ እግዜር የለም ባዩም አይነካም። የኔ ጀልባ ደግሞ በዚያ ቀን ማንን ጭና እንደነበር ልንገርህ? ራሱን ቅዱስ ጴጥሮስን! ምስሉን፣ ከነአበባው፣ ከነቄሱ፣ ከነሙዚቀኞቹ! ሃያ ሰባቱን ሣጥን የት ላይ አስቀመጥኩት፣ ቅዱሱ ጭን ላይ?»

ከኋላዬ ሚዛን የሚጠብቁት በሳቅ ፈነዱ። ተቆጣጣሪው አልሳቀም። ሌአንድሮ ይባላል፣ ከዋና ከተማው ከመጣ ገና ወሩ ነው፣ ቦት ጫማው ላይ የአሣ ቅርፊት እንኳ አልተለጠፈበትም። ባለጌ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን ትሑት ነው። ሰው በትሕትና ሲያርድህ ደምህ ይፈላል።

«ዶኛ ኦርፊሊና፣ እኔ የማየው የተጻፈውን ነው» አለኝ። «በተጻፈው መሠረት የዓመቱ ኮታዎ ጁን ላይ አልቋል። ይህ አሥራ ስምንት ሣጥን ከገደብ በላይ ስለሆነ እይዘዋለሁ። ዓርብ በአራት ሰዓት ከተማ፣ ቢሮ ይምጡና ያስረዱ። ካላስረዱ ጀልባዋ ከመዝገብ ልትሰረዝ ትችላለች።»

ከመዝገብ ትሰረዛለች! እንዲህ ነው የሚሉት፣ እንደ ቀላል ነገር። የሜርሉሳ መዝገብ ከተዘጋ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። አዲስ ስም አይገባበትም፤ የወጣም ተመልሶ አይገባም። ቁጥር የሌላት ጀልባ ማገዶ ናት። የኔን ጀልባ «እልኸኛዋ» ብሎ የሰየማት አባቴ ነው፣ ቁጥሯንም ያወጣላት እሱ ነው። እኔ ከሱ ወረስኩ፤ ከኔ ደግሞ ልጄ ማይራ ትወርሳለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ሥራ አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም። የውኃውን ቀለም አይታ አሣው በስንት ጥልቀት እንዳለ የምትናገር ልጅ ናት። ቁጥሩ ከሄደ የሷ የእንጀራ ገመድ ተበጠሰ ማለት ነው።

አሥራ ስምንቱን ሣጥን መኪናቸው ላይ ሲጭኑ ቆሜ አየሁ። ከአድማሱ ወዲያ ደግሞ ትልልቆቹ መርከቦች ባሕሩን እንደ ግቢ እየጠረጉ ነበር። እነሱን ማን ሰኞ ነው ማክሰኞ ነው ይላቸዋል!

ቀጥ ብዬ ወደ ማኅበሩ ቤት ሄድኩ።

እዚህ እኛ ዘንድ አንድ ሞኝነት አለ፤ ሁላችንም ሠርተነዋል፣ አባቶቻችንም ሠርተውታል። ከባሕር ስንመለስ እጃችን ያበጠ፣ የራሰ ነው፤ ወረቀት ከነካን ወረቀቱ ይበሰብሳል። ስለዚህ በየዓመቱ መጀመሪያ እያንዳንዱ ባለ ጀልባ የማራገፊያ ቅጹን ጥራዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅጠል ባዶውን ይፈርምና ለማኅበሩ ጸሐፊ ለዶን ኤልዮዶሮ ይሰጠዋል። ሚዛኑ ያለውን እሱ ይሞላል፣ እሱ ይልካል። «ጥራዜን ልይ» ማለት «ሌባ ነህ» ማለት ስለሆነ ማንም ብሎ አያውቅም። የግማሹን ሰፈር ልጆች ክርስትና ያነሣ ሰው ነው። የማይራም ክርስትና አባት ነው፤ አበልጄ ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ እንኳ ማይራ በሳምንት ሁለት ከሰዓት እየሄደች ወረቀት ታደራጅለታለች። ይህን ያህል ነው ያመንኩት።

ዳቦ በአቮካዶ እየበላ አገኘሁት።

«አበልጄ፣ ጥራዜን አምጣ።»

«እንዴት ዋልሽ አይባልም?»

«አይባልም!»

አፉን ጠረገ፣ ዳቦውን አስቀመጠ፣ መሳቢያውን ግን አልከፈተም። እንዳልከፈተ ሳይ ገባኝ። ሰው ንጹሕ ከሆነ መጀመሪያ ይከፍታል፣ ከዚያ ይቆጣል።

«ተቀመጪ እስቲ።»

«አልቀመጥም። ሃያ ሰባት ሣጥን አሣ በስሜ ማን አራገፈ?»

«ያ ቀዩ ትራክተር» አለኝ፣ በጣቱ ወደ ባሕሩ ዳር እያመለከተ፣ «ከሰማይ የወረደ መሰለሽ?»

ድሮ ጀልባዎቹን ወደ አሸዋው የሚጎትቱልን በሬዎች ነበሩ። የመጨረሻው በሬ ከሞተ በኋላ ሁለት ዓመት በጫንቃችን ጎተትን፤ ሁለት ሰው ወገቡ ተሰብሮ ቀረ። ሜይ ላይ ትራክተሩ መጣ። ፋብሪካው ለማኅበራችን ሰጠን ተባለ፣ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ አልዋሽም። ፋብሪካው ምን ፈልጎ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ስጦታ ሲያዩ ዓይን ይታወራል።

«ወረቀት ፈለጉ» አለ ኤልዮዶሮ። «ከመርከቦቹ የገዙት አሣ ከገደብ አልፎባቸዋል። በትንንሽ ጀልባ የመጣ እንዲመስል ወረቀት ያስፈልገዋል። ኮታቸውን ካልጨረሱ ጀልባዎች ጥቂት ጥቂት ወሰድኩላቸው። ያንቺ ብዙ ቀርቶ ነበር፤ ሞተርሽ ተበላሽቶ ሁለት ወር ቁጭ ብለሽ አልነበር? ከሁሉም ብዙ የወሰድኩት ካንቺ ነው።»

«ጠየቅኸኝ?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትዪ ነበር?»

«እምቢ እል ነበራ!»

«ይኸው እንግዲህ።»

ጠረጴዛውን ገለበጥኩት። ዳቦው፣ አቮካዶው፣ መነጽሩ፣ ሁሉም መሬት ላይ። አልጸጸትም። «ዓርብ ስምህን ጠርቼ እነግራቸዋለሁ!» አልኩት። «ከነትራክተርህ፣ ከነፋብሪካህ!»

መነጽሩን ከመሬት አንሥቶ በሸሚዙ እየጠረገ ነበር። «ስሜን ከጠራሽ ይህን መሳቢያ ይከፍቱታል» አለኝ ቀስ ብሎ። «አርባ አንድ ጥራዝ አለበት። ሁሉም ባዶ፣ ሁሉም የተፈረመ። ባዶ ቅጽ መፈረም ብቻውን ከመዝገብ ያሰርዛል። አርባ አንድ ጀልባ፣ ኦርፊ። አስቢበት።»

ከሰዓት በኋላ ደጄ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ጠዋት ሚዛኑ ላይ በቀልዴ ሲስቁ የነበሩት ናቸው፤ አሁን ግን የሚስቅ የለም። ከፊት የቆመው ሮሳሜል ነው፣ ግንብ የሚያክል ሰውዬ፤ በጴጥሮስ ቀን ምስሉን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጀልባዬ ላይ ያስቀመጠልኝ እሱ ነው።

«እትዬ ኦርፊ» አለ፣ ኮፍያውን እያሻሸ፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል።»

«የኔ አፍ ለዝንብ አይከፈትም። አንተን እውጥበታለሁ!»

«አትቆጪ እስቲ። ተነጋግረናል። ኮታሽን ይውሰዱት። እኛ ከየጀልባው በየሳምንቱ አንድ አንድ ሣጥን እናዋጣልሻለን። ምንም አይጎድልብሽም።»

«ምጽዋት! ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ የኖርኩት ልትመጸውቱኝ ነው? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው! በትራክተሩ የሚጎተተው የሁላችሁ ጀልባ፣ የሚታረደው የኔ አንገት! ከመካከላችሁ አንድ ሰው፣ አንድ ወንድ፣ ‹ኤልዮዶሮ፣ ይህን ነገር እንዴት አደረግህ› ያለ አለ?»

አንዱ አሸዋውን በእግሩ ይጭር ነበር። ሴቶቹም መጥተዋል፤ እነሱም ዓይናቸውን ሰበሩ።

ማይራ ከቤቱ ጎን ተቀምጣ ሰርዲን እየቆራረጠች መንጠቆ ላይ ትሰካለች። ጭንቅላቷን ሳታነሣ «እማ፣ ተይው» አለች። «ያንን ሃያ ሰባት ሣጥን አራግፌያለሁ በያቸው። የኮታ ነገር ነው፣ ዓመት አይቆይም። ቁጥሩ ብቻ ይትረፍልን።»

«አንቺ ዝም በይ!» ጮኽኩባት። ሰው ሁሉ እየሰማ። «ያንቺን እንጀራ እኮ ነው የማስመልሰው! አባቴ ባቆማት ጀልባ በጴጥሮስ ቀን አሣ አጠመድኩ ብዬ ልፈርም? ዓርብ ትሄጂያለሽ፣ ስልክሽን ይዘሽ፣ የበዓሉን ቪዲዮ ታሳዪዋለሽ። ተነሡ ከደጄ፣ ሁላችሁም!»

ተነሥተው ሄዱ። ማይራ መንጠቆዋን ቀጠለች። ያን ቀንም ሐሙስንም አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። የኔ ንዴት ለሁለታችን የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ በአራት ሰዓት ቢሮው ደረስን። ሌአንድሮ ወንበር ሳበልን፣ ውኃ ሰጠን። ማይራ ስልኳን ከፍታ አሳየችው። ቪዲዮው ላይ «እልኸኛዋ» ከጫፍ እስከ ጫፍ በወረቀት አበባ ተሸፍናለች። ቄሱ ልብሱን ሰብስቦ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጧል፣ ባሕር ይፈራል። ጥሩምባ ነፊውን ያስመልሰዋል። ቅዱሱ መካከል ላይ በገመድ ታስሮ ቆሟል። እኔ ከኋላ መሪውን ይዤ እንደ ንግሥት ተቀምጫለሁ።

ሌአንድሮ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ልክ ነዎት» አለኝ። «በዚያ ቀን አሣ አልነበረም። አምኛለሁ።»

«ተመስገን!» አልኩ። «አሥራ ስምንት ሣጥኔን መልስልኝ።»

«አላለቀም።» ሳቁ ጠፋ፤ ከፋይሉ ውስጥ አንድ ወረቀት መዘዘና ጠረጴዛው ላይ አደረገው፣ በእጁ እንደሸፈነው። «እስካሁን ታብሌት ላይ ነው ያየነው፤ ዋናው ቅጽ ይህ ነው። ሐሰት ነው፤ ፊርማው ግን የእርስዎ ነው። እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አሣውን በእውነት አራግፌያለሁ ካሉ ገደብ ማለፍ ነው፤ ቅጣቱ የኮታ ቅጣት ነው፣ ቁጥርዎ አይነካም። ሐሰት ነው ካሉ ግን ሐሰተኛ ቅጽ የፈረመ ይሰረዛል።»

«ሦስተኛ የለም?»

«አለ። ቅጹን የሞላውን ሰው ከነገሩኝ እርስዎ ነጻ ነዎት። አጋልጠዋልና ምሕረት ያገኛሉ። ተጠያቂው የሞላው ሰው ነው፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ በየትኛውም ጀልባ፣ በየትኛውም መዝገብ አይገባም።» እጁን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። «ማን ነው የሞላው?»

ለሁለት ቀን አፌ ውስጥ ይዤው የዞርኩት ስም ነው። ለአርባ አንዱ ጀልባ ግድ አልነበረኝም፤ ደጄ ላይ ቆመው አንገታቸውን ሲሰብሩ አይቻቸዋለሁ፣ ይሰረዙ! «ኤ…» ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

ጽሑፉ ወደ ግራ ያጋደለ ነበር። ሰባት ቁጥሯ ጅራት አላት። ከጀልባዋ ስም ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ የማዕበል መስመር ተሰምራለች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ፣ በትምህርት ቤት ደብተሯ ላይም፣ በሣጥኖቻችን ላይም፣ «እልኸኛዋ» ብላ በጻፈች ቁጥር ከሥሩ ማዕበል የምታሰምር ግራኝ አንዲት ናት፤ እሷም አጠገቤ ተቀምጣለች።

አላየኋትም። ካየኋት ያውቅብኛል ብዬ አላየኋትም።

«ዶኛ ኦርፊሊና?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እርስዎ ምን?»

«እኔ ነኝ የሞላሁት። አሣውን አራግፌያለሁ።»

«ቪዲዮውን አሁን አሳዩኝ እኮ!»

«የአምና ነው።»

«እማ…» አለች ማይራ።

«ዝም በይ!»

ሌአንድሮ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ስልኩን የያዘውን የማይራን ግራ እጅ አየ። ሞኝ አይደለም። ፊቱ ቀላ፣ ጠረጴዛውን በጣቱ አንዴ ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

«በቅዱስ ጴጥሮስ ቀን አሣ አጥምጃለሁ ነው የሚሉኝ? እርግጠኛ ነዎት?»

«ጻፍ! መጻፍ አይደል ሥራህ? ጻፍ!»

ጻፈ። አሥራ ስምንቱ ሣጥን ተወረሰ፤ የሚቀጥለው ዓመት ኮታዬ በሙሉ ተያዘ። «እልኸኛዋ» ከዚህ ቀን ጀምሮ የሚቀጥለው ዓመት አልቆ ጃኑዋሪ እስኪገባ ድረስ ከአሸዋው ላይ አትነሣም። ቁጥሯ ግን አልተነካም። ፈረምኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞላ ቅጽ ላይ ፈረምኩ፣ እሱም ውሸት ነው።

አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ እስክንደርስ ታገሥኩ። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም።

«ሸጥሽኝ! የገዛ ልጄ! በገዛ እጅሽ!»

«ክርስትና አባቴ ‹እናትሽ ታውቃለች፣ ተስማምታለች› አለኝ» አለች። ፊቷ ወረቀት መስሏል።

«አመንሽው?»

«አላመንኩትም።»

«ታዲያ እጅሽ ለምን ጻፈ?»

«አልጽፍም ብል እሱ ራሱ ሊጽፈው ነው። ቀኑን ‹ደስ ያለሽን አድርጊ› አለኝ። እኔ ጴጥሮስን ጻፍኩ። ያየው ሁሉ ውሸት መሆኑን ያውቃል ብዬ ነው፣ እማ። በዚያ ቀን ማንም አሣ እንደማያጠምድ የማያውቅ ሰው አለ? ጠረጴዛቸው ላይ ሲደርስ ይስቁና ቀድደው ይጥሉታል፣ መጥተውም ማን ነው ይህን የጻፈው ብለው ክርስትና አባቴን ይጠይቁታል ብዬ ነው። ስጠብቅ ነበር። ጁላይን ሙሉ ስጠብቅ ነበር። ማንም አልመጣም።»

እነሱ ዘንድ ጴጥሮስ የሚባል ቀን የለም። ይህን እሷም አላወቀችም፤ እኔም ብሆን አላውቅም ነበር። እኛ ሰፈር የተወለደ ሰው ዓለም ሁሉ በዚያ ቀን መንጠቆውን የሚሰቅል ይመስለዋል።

«ለኔ ለምን አልነገርሽኝም? ከወር በላይ! አንድ ቤት እያደርን፣ አንድ ጀልባ ላይ እየዋልን! ሐሙስን ሙሉ አብረን ተቀምጠን!»

«እየጮኽሽ ነው።»

«እጮኻለሁ! መልሺልኝ!»

አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩን። አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ማይራ ዓይኔን ቀጥ ብላ አየችው፤ እንባዋ አልወረደም፣ ሽፋሽፍቷ ላይ ቆሟል።

«አንቺን ፈርቼ ነው» አለችኝ። «ልናገር ስል ትጮኺያለሽ፣ ዝም ስል ትጮኺያለሽ። ደጅ ላይ ተይው አልኩሽ፣ በሰው ፊት ዝም በይ አልሽኝ። ላንቺ ከመናገር ለቅዱሱ መናገር ቀለለኝ።»

የምመልሰው ነገር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ትልቅ፣ የሚሰብር ነገር። ዋጥኩት። እንደ አሣ አጥንት ነው የተዋጠው። አውቶቡሱ አርባ ደቂቃ ቆየ፣ አርባውንም ደቂቃ ጎን ለጎን ቆምን።

ቅዳሜ ማኅበሩ ቤት ሄድኩ። ሰው ሞልቷል፤ ሮሳሜልም አለ። ሁሉም ጩኸት እየጠበቁ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው አስጠግተውታል። አልጮኽኩም። «ጥራዜን» አልኩት ኤልዮዶሮን፣ በዝግታ። መሳቢያውን ከፍቶ ሰጠኝ። የቀሩትን አሥራ አንድ ባዶ ቅጠሎች አንድ በአንድ፣ ፊርማዬ ያለበትን ጫፍ ብቻ እየቀደድኩ ፊት ለፊቱ አስቀመጥኩለት። «ልጄን ከክርስትና ውኃ ያወጣሃት አንተ ነህ» አልኩት። «ወረቀት ውስጥ የከተትካትም አንተ ነህ። ከዛሬ ወዲያ አበልጄ አይደለህም፤ ብሞት ቀብሬ ላይ እንዳትመጣ።» ጥራዙን የጠየቀ ሌላ ሰው የለም። ስወጣ ትራክተሩ የሮሳሜልን ጀልባ ሊጎትት ሞተሩ እየተነሣ ነበር።

ንዴቴ አልበረደም። በኤልዮዶሮ፣ በፋብሪካው፣ አንገታቸውን በሰበሩት ጎረቤቶቼ፣ ሰኞና ማክሰኞ ብቻ በሚያውቁት ቢሮዎች፣ ባሕሩን በሚጠርጉት መርከቦች፣ በሁሉም። እስክሞት አይበርድም፣ እንዲበርድም አልፈልግም። ግን ቤት ውስጥ ይዤው አልገባም፣ ከደጅ አራግፌው ነው የምገባው። አንዳንዴ እስኪራገፍ ረጅም ጊዜ ደጅ ላይ እቆማለሁ።

ጀልባችን አሸዋ ላይ ስለቀረች ማይራ ፋብሪካው ገባች፤ ያው ፋብሪካ ነው፣ ሌላ የለም። ነጭ ቦት ጫማና የፕላስቲክ ሽርጥ ለብሳ ቀኑን ሙሉ ቆማ የሜርሉሳ አጥንት ታወጣለች። ማን እንዳጠመደው፣ በማን ወረቀት እንደመጣ የማታውቀውን አሣ። ስትመለስ እጇ ቀልቶ፣ ነፍሮ ነው የምትመጣው። ሙቅ ውኃ አቀርብላታለሁና «እንዴት ዋልሽ?» እላታለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አንዳንድ ቀን ትነግረኛለች።